አእምሮን ማለማመድ ወይስ ሥራውን ማለማመድ? ከስትሮክ በኋላ ስለሚሰጥ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ድጋፍ

ጥያቄ፦ «እናቴ 64 ዓመቷ ነው፤ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ከሰባት ወር በፊት በቀኝ በኩል ባለው የአንጎሏ ክፍል ላይ ስትሮክ ደርሶባት ነበር። አሁን ትራመዳለች፣ ትናገራለች፣ የሚጠይቃት ሰው ሁሉ ‹ድናለች› ይላል። እኛ ቤት ውስጥ የምናየው ግን ሌላ ነው። ምድጃ ለኩሳ ትረሳለች፣ መድኃኒቷን አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ትወስዳለች፣ አንዳንዴ ጭራሽ ትተዋለች፣ የጀመረችውን ሳትጨርስ ወደ ሌላ ሥራ ትሄዳለች፣ በግራዋ ያለ ነገር አይታያትም። ስንነግራት ‹ምንም አልሆንኩም› ትላለች። ከዚህ በፊት የዕቁብ ዳኛ ሆና የሰዉን ሁሉ ሒሳብ በቃሏ የምትይዝ ሴት ነበረች። ኦኩፔሽናል ቴራፒስቷ (የዕለት ተዕለት ሥራን መልሶ የምታለማምዳት ባለሙያ) በየሳምንቱ ቡና ታስፈላታለች፣ ማስታወሻ ደብተርም ታስይዛታለች። እኔ ደግሞ በታብሌት የሚሠራ የአእምሮ ማሠልጠኛ ጨዋታ ገዝቼላታለሁ። ቴራፒስቷ ጊዜ እያባከነች ይሆን? የማስታወስ ችሎታዋን ራሱን የሚመልስ ሕክምና የለም ወይ?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ አጭሩ ምላሽ ቴራፒስቷ ጊዜ እያባከኑ አይደለም የሚል ነው። እንዲያውም ከገለጹልኝ ሁኔታ ተነሥቼ ስመዝነው፣ ዛሬ በእጃችን ካሉት መንገዶች መካከል ለእናትዎ ይበልጥ የሚጠቅመውን የያዙ ይመስለኛል። ምክንያቱን ግን በዝርዝር ማስረዳት ይኖርብኛል፤ ምክንያቱ ካልታወቀ ቡና ማፍላቱ ጊዜ ማሳለፊያ፣ ደብተሩም ትርፍ ሸክም መስሎ መታየቱ አይቀርም፤ ቤተሰብ ያላመነበት ልምምድ ደግሞ ከክሊኒክ ወጥቶ ቤት አይገባም። እናትዎን በአካል አልመረመርኳቸውም፤ የምጽፈው በጥያቄዎ ላይ ተመሥርቼ ስለሆነ እያንዳንዱን ነጥብ ከቴራፒስቷ ጋር ያመሳክሩት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ «ትረሳለች» ያሉትን ነገር ልብ ብለን እንየው። እናትዎ ምድጃውን መለኮሳቸውን በእርግጥ ረስተውት ይሆናል። ወይም መለኮሳቸውን እያወቁ፣ ስልክ ሲጠራ ሐሳባቸው ተከፍሎ ወደ ጀመሩት ሥራ መመለስ አቅቷቸው ይሆናል። ወይም አንድን ሥራ በቅደም ተከተል ይዞ እስከ ፍጻሜው የሚመራው የማቀድና ራስን የመቆጣጠር ችሎታ ስለተጎዳ፣ ማጥፋት የሚባለው የመጨረሻ እርምጃ ከዕቅዱ ወድቆ ይሆናል። ወይም ደግሞ የበራው ምድጃ በግራ በኩል ያለው ስለሆነ ጨርሶ አላዩት ይሆናል። አራቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። በቀኝ የአንጎል ክፍል ላይ የሚደርስ ስትሮክ ብዙ ጊዜ የሚያስከትለው የግራ ጎንን መዘንጋት፣ የትኩረት መበታተንና የራስን ጉድለት አለማወቅ ነው፤ እርስዎ የዘረዘሩትም ከዚህ ጋር በእጅጉ ይገጥማል። ስለዚህ የእናትዎ ዋነኛ ችግር ንጹሕ የማስታወስ ችግር አይመስለኝም። ይህ ግምቴ ልክ ከሆነ የማስታወስ ጨዋታው ያነጣጠረው ዋናው ችግር ባልሆነው ላይ ነው ማለት ነው።

የማስታወስ ችሎታን ራሱን መመለስ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄዎ የአንጎል ጉዳት የደረሰበትን ሰው መልሶ የማቋቋም ሙያ ሲጀመር የነበረ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ኩርት ጎልድስታይን በፍራንክፈርት፣ በሁለተኛው ደግሞ አሌክሳንደር ሉሪያ በኡራል፣ ኦሊቨር ዛንግዊል በስኮትላንድ፣ ጭንቅላታቸውን የቆሰሉ ወታደሮችን ሲያክሙ ሁሉም የገጠማቸው ይኸው ነበር። ዛንግዊል በ1947 ባወጡት ጽሑፍ ሦስት መንገዶችን ለይተዋል፤ የተጎዳውን ችሎታ በቀጥታ መልሶ ማሠልጠን፣ ያው ሥራ በሌላ ባልተጎዳ ችሎታ እንዲሠራ ማድረግ፣ እንዲሁም ጉድለቱ እንዳለ ሆኖ በዘዴና በመሣሪያ ማካካስ። ዛሬ በኦኩፔሽናል ቴራፒ የምንጠቀምባቸው አካሄዶች ስማቸው ቢበዛም በአመዛኙ ከእነዚህ ከሦስቱ የተገኙ ወይም የእነርሱ ቅልቅል ናቸው።

በቀጥታ የማሠልጠኑ መንገድ አንጎልን እንደ ጡንቻ የሚያይ ነው፤ ደጋግመህ ብታሠራው ይጠነክራል፣ ከጠነከረ በኋላም ለሁሉ ሥራ ይሆናል የሚል እምነት አለበት። የመጀመሪያው ግማሽ እውነትነት አለው፤ ሁለተኛው ግን በጥናት ሲፈተሽ ደጋግሞ ወድቋል። በ2010 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ11,000 በላይ ሰዎች ለስድስት ሳምንታት በኮምፒውተር የአእምሮ ልምምድ እንዲሠሩ አድርጎ ነበር። ተሳታፊዎቹ በተለማመዷቸው ጨዋታዎች ላይ ተሻሻሉ፤ ባልተለማመዷቸው ላይ ግን፣ ቅርብ ተመሳሳይነት ባላቸው ላይ እንኳ ሳይቀር፣ የተሻገረ ጥቅም አልተገኘም። እነዚህ ጤናማ ሰዎች እንደነበሩ ልብ ይበሉ። በ2016 ደግሞ የአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽን ሉሞሲቲ የተባለውን የአእምሮ ጨዋታ የሚሸጠውን ድርጅት፣ ጨዋታው የዕለት ተዕለት ሥራን ያሻሽላል፣ የአእምሮ መድከምንም ይከላከላል ብሎ ያለ በቂ ማስረጃ አስተዋውቋል በማለት ከሶት፣ ድርጅቱ 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። በስትሮክ ሕሙማን ላይ የተደረጉ የትኩረት ልምምድ ጥናቶች ሲጠቃለሉም ውጤታቸው ተቀራራቢ ነው፦ ሥልጠናው እንዳበቃ በተለይ ትኩረትን ለሁለት ነገር በማካፈል ፈተና ላይ መሻሻል ይታያል፤ ያ መሻሻል ግን ስለ መቆየቱም ሆነ ወደ ልብስ መልበስ፣ ምግብ ማብሰልና ገንዘብ መቁጠር ስለ መሻገሩ አሳማኝ ማስረጃ አልተገኘም።

ይህን ስል አንጎል ከጉዳት በኋላ አይለወጥም ማለቴ አይደለም። ይለወጣል፤ ነገር ግን በአመዛኙ የሚለወጠው በተለማመደው ነገር ላይ ነው። በታብሌት ላይ ካርድ ማዛመድ የተለማመደ ሰው ካርድ ማዛመድ ይችላል፤ ምድጃ አጥፍቶ መውጣት የተለማመደ ደግሞ ምድጃ አጥፍቶ ይወጣል። እናትዎ ጨዋታውን ከወደዱት አይከልክሏቸው፤ ደስታም አንድ ነገር ነው። ነገር ግን በቀን ውስጥ ድካም ሳይጫናቸው የሚነቁባቸው ሰዓታት ጥቂት ናቸው፤ እነዚያን ምርጥ ሰዓታት ጨዋታው እንዳይወስድባቸው አጥብቄ አሳስባለሁ።

ለሌላው ወገንም ፍትሐዊ መሆን ይገባል። በ2008 በታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ አደጋ ጭንቅላታቸውን የጎዳቸው ወታደሮችና የቀድሞ ወታደሮች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ የአስተሳሰብ ክህሎት ላይ ያተኮረ ሕክምና፣ ግማሾቹ በእውነተኛ የዕለት ሥራ ላይ የተመሠረተ ሕክምና ተሰጥቷቸው ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ በዋናዎቹ መለኪያዎች፣ ማለትም ራስን ችሎ በመኖርና ወደ ሥራ ወይም ትምህርት በመመለስ፣ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። ስለዚህ «ሥራውን ማለማመድ ሁልጊዜ ያሸንፋል» ብዬ አልናገርም። የእኔ አቋም ጠበብ ያለ ነው፦ የራሳቸውን ጉድለት በማያውቁ፣ የተማሩትን በራሳቸው ወደ ሌላ ቦታ ማሻገር በሚከብዳቸው ሰዎች ዘንድ ሥልጠናውን በሚኖሩበት ቤትና በሚሠሩት ሥራ ላይ ማድረግ ይሻላል የሚል ነው፤ እናትዎ ደግሞ ከእነዚህ አንዷ ይመስሉኛል።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ። ቡና ማፍላት ለዚህ ሕክምና እንዴት ያለ የተመቸ ሥራ እንደ ሆነ አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ሳይቀሩ አይረዱትም። በእስራኤል የኦኩፔሽናል ቴራፒ ተመራማሪዎች በ2009 ያሳተሙት አንድ ምርመራ አለ፤ ታካሚው ሁለት ትኩስ መጠጦችን፣ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን በመርማሪው ትእዛዝ መሠረት እንዲያዘጋጅ ይጠየቃል። ማንቆርቆሪያው አስቀድሞ ተፈታትቶ ይቀመጣል፣ ከሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጋር የማያስፈልጉም ይቀላቀላሉ። መርማሪው የሚከታተለው የመጠጡን ጣዕም አይደለም፤ ሰውየው ሥራውን እንዴት እንደሚጀምር፣ የጎደለውን እንዴት እንደሚያስተውል፣ ሲሳሳት ራሱን ያርም እንደሆነ፣ የተነገረውን ትእዛዝ ይዞ ይቆይ እንደሆነ ነው። የእኛ ቡና ከዚያ ይልቅ እጅግ የረዘመና የተወሳሰበ ነው። ማጠብ አለ፣ መቁላት አለ፣ ሳያርሩ በሰዓቱ ማውጣት አለ፣ መፍጨት አለ፤ ጀበናውን ጥዶ ሲኒዎችን ማጠብ፣ ማለትም ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ መያዝ አለ፤ ሲገነፍል ማውረድ፣ እስኪሰክን መታገሥ፣ እንግዳ ቆጥሮ መቅዳት፣ ማን ያለ ስኳር እንደሚጠጣ ማስታወስ፣ ከአቦል ወደ ቶና፣ ከቶና ወደ በረካ ሲሄዱ የት እንደደረሱ አለመዘንጋት አለ። በዚህ ሁሉ መካከል ጨዋታ አለ፤ ትኩረትን የሚሻማው እርሱ ነው። ለአርባና ለሃምሳ ዓመት የተሠራ ሥራ ስለሆነ ደግሞ እጃቸው የሚያውቀው ክፍል ሳይጎዳ ቆይቶ ሊሆን ይችላል፤ ቴራፒስቷ የሚሹት የትኛው ክፍል በልማድ እንደሚሄድና የትኛው ላይ እንደሚቋረጥ ለይቶ ማወቅ ነው።

ቴራፒስቷ ሥራው ከመጀመሩ በፊት፣ በመሐልና ከተጨረሰ በኋላ የሚጠይቋቸውን ጥያቄዎች በጥሞና ያዳምጡ፤ ሕክምናው ያለው በአብዛኛው እዚያ ውስጥ ነው። በካናዳ ሄለን ፖላታይኮና አንጄላ ማንዲች አስቀድመው የእንቅስቃሴ ቅንጅት ለሚያስቸግራቸው ሕፃናት ያዘጋጁት፣ በኋላም ስትሮክ ለደረሰባቸው አዋቂዎች የተስማማ አንድ አካሄድ በአራት እርምጃዎች ላይ ይቆማል፤ ግብ ማውጣት፣ ማቀድ፣ መሥራት፣ መመርመር። ቴራፒስቱ «አሁን ምድጃውን አጥፊ» አይልም፤ «ዕቅድሽ ምን ነበር? እስካሁን እንዴት ሄደልሽ? ካልሄደ ምን ብትለውጪ ይሻላል?» ብሎ ይጠይቃል። መፍትሔውን ታካሚዋ ራሷ ስትደርስበት ዘዴው የእርሷ ሆኖ ይቀራል፤ ነገ በሌላ ሥራ ላይም ትጠቀምበታለች። በፒትስበርግ በ2015 የታተመ አነስተኛ ጥናት ይህን መሰል የዘዴ ሥልጠና ገና በሆስፒታል ሳሉ የተሰጣቸው የስትሮክ ሕሙማን፣ ተመሳሳይ ጊዜ ከባለሙያ ጋር ካሳለፉት ሌሎች ይልቅ በራስ መቻል የተሻለ ለውጥ እንዳሳዩ ዘግቧል። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አልጭንበትም፤ የሚያመለክተው አቅጣጫ ግን በክሊኒክ ከማየው ጋር ይስማማል። የዚህ አካሄድ ሌላው ጠንካራ ጎን ግቡን የሚመርጠው ታካሚው መሆኑ ነው። እናትዎ የዕቁብ ዳኛ ነበሩ ብለውኛል፤ ከሁሉ በላይ መመለስ የሚፈልጉት ወደዚያ ከሆነ፣ የአምስት ሰው ስም ዝርዝር ይዞ ማን እንደከፈለ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያም አንድ ሌላ ሰው እንዲያመሳክረው መስጠት ከቡናው ቀጥሎ የሚመጣ ልምምድ ሊሆን ይችላል። ይህን ሐሳብ ለቴራፒስቷ ያቅርቡላቸው፤ ዕቁብ ምን እንደሆነ አያውቁ ይሆናል።

ከቡናው ቀጥሎ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካዊቷ ጆን ቶግሊያ በ1991 ባቀረቡት አካሄድ መሠረት አንድ ዘዴ የሚጸናው በብዙ ዓይነት ሁኔታ ውስጥ ሲሞከር ነው። ዘዴው አንድ ሆኖ ይቆያል፤ የሚለዋወጠው ሥራው፣ ቦታውና ክብደቱ ነው። ለምሳሌ እናትዎ «ከምድጃ ከመራቄ በፊት ቆም ብዬ ከግራ ወደ ቀኝ አያለሁ» የሚል ዘዴ ከያዙ፣ በመጀመሪያ በቡና፣ ቀጥሎ በሻይ፣ ከዚያ በሽሮ፣ ከዚያም ምድጃ በሌለበት ሥራ ላይ፣ ለምሳሌ ከቤት ሲወጡ ቁልፍና ቦርሳ በማየት ይለማመዱታል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚኬደው ቀስ በቀስ ነው፤ በመጀመሪያ ሥራው በጥቂቱ ብቻ ይለያል፣ እየቆየ ልዩነቱ ይሰፋል። ለዚህ ነው ቡናው በየሳምንቱ የሚደጋገመው። አሁን ስምንት ሳምንት ቡና ብቻ ሆኖ ከቀጠለ፣ ሌላ ነገር ሳይጨመርበት፣ ያን ጊዜ «ቀጣዩ ሥራ ምንድን ነው?» ብለው መጠየቅዎ ተገቢ ነው።

«ምንም አልሆንኩም» ማለታቸው ከሁሉ ይበልጥ እንደሚያደክምዎ ይገባኛል። ይህ እልኸኝነት ወይም መዋሸት አይደለም፤ በቀኝ አንጎል ስትሮክ ጉድለትን የሚያውቀው የአንጎል ሥራ ራሱ ሊጎዳ ይችላል። በ1989 ብሩስ ክሮሰንና ባልደረቦቻቸው ይህን ዕውቀት በሦስት ደረጃ ከፍለውታል፦ ችግር እንዳለ በአእምሮ መረዳት፣ ችግሩ በሚፈጠርበት ቅጽበት ማስተዋል፣ ገና ሳይፈጠር አስቀድሞ መጠበቅ። አንድ ሰው «አዎ፣ ትንሽ እረሳለሁ» ማለት ችሎ በሥራ መሐል ግን ፈጽሞ ላያስተውለው ይችላል። ስለዚህ ክርክር አይረዳም፤ «ትናንት እኮ ምድጃውን ትተሽው ነበር» ማለት ቅያሜ ብቻ ያተርፋል። የሚረዳው ግምትና ውጤትን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ከሥራው በፊት «ይህን ያለ እኔ እርዳታ የምትጨርሺው ይመስልሻል? የትኛው ቦታ ላይ ሊያስቸግር ይችላል?» ተብሎ ይጠየቃሉ፤ ከሥራው በኋላ ራሳቸው መጀመሪያ ያሉትንና የሆነውን ያስተያያሉ። ልዩነቱን ሌላ ሰው ሲነግራቸውና ራሳቸው ሲያገኙት ስሜቱ አንድ አይደለም። ይህ ግን በጥንቃቄ የሚሠራ ነው፤ ለአንድ ኩሩ ሰው ጉድለትን ማወቅ ሐዘን ይዞ ስለሚመጣ፣ ለእናትዎ ስሕተታቸውን በጎረቤት ፊት ወይም በልጅ ልጆች ፊት አያስቆጥሯቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ታካሚው ስሕተቱን ራሱ እንዲያገኝ እንፈልጋለን ባልኩበት አፍ፣ ለአንዳንድ ነገሮች ደግሞ ጨርሶ እንዳይሳሳት እናደርጋለን። አለን ባደሊና ባርባራ ዊልሰን በ1994 እንዳሳዩት የማስታወስ ችሎታቸው በጽኑ የተጎዳ ሰዎች ሲማሩ ከተሳሳቱ የሚይዙት ስሕተቱን ነው፤ ስሕተት መሥራታቸውን ስለማያስታውሱ ሊያርሙት አይችሉም። ለእንዲህ ያለው ሰው ትምህርቱ ከመጀመሪያው ትክክለኛው ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ይሰጣል፤ አይገመትም፣ ይነገረዋል ወይም እጁ ተይዞ ይመራል፣ እርዳታውም በጥቂት በጥቂቱ ይቀነሳል። ስለዚህ ምርጫው በጉዳቱ መጠንና በሥራው አደገኝነት ይወሰናል። በቡና ላይ ስሕተት ማስተማሪያ ሊሆን ይችላል። በመድኃኒት ላይ ግን መሞከር የለም።

መድኃኒቱን በተመለከተ ከማስታወስ ችሎታቸው ጋር ትግል አይግጠሙ፤ ከዛሬ ጀምሮ የሰባት ቀን መድኃኒት ሳጥን ይጠቀሙ፣ እርስዎ በሳምንት አንድ ቀን ይሙሉት፣ የቀረውን ጠርሙስ ሁሉ ከእጃቸው ያርቁ። ክፍሉ ባዶ ከሆነ ወስደዋል፣ ካልሆነ አልወሰዱም፤ ሁለት ጊዜ መውሰድ የሚቀረው በዚህ ነው። ማስታወሻውን አዲስ ልማድ ላይ ከመትከል ነባር ልማድ ላይ ማሰር ይቀላል፤ እናትዎ ጠዋት ጸሎት የሚያደርሱ ከሆነ ሳጥኑ የጸሎት መጽሐፋቸው አጠገብ ይቀመጥ፣ በቀኝ በኩል። በጾም ወራት የመብያ ሰዓት ስለሚለወጥ ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ጾሙ ሳይገባ ሐኪማቸውን ያነጋግሩ። ስልካቸው በሰዓቱ እንዲጮህ ማድረግም በጥናት የተደገፈ ነው። በእንግሊዝ በ2001 የታተመና 143 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ በኪስ የምትያዝ መልእክት ተቀባይ በሰዓቱ እየጠራች ስታስታውሳቸው፣ ጥናቱን ከጨረሱት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የዕለት ሥራቸውን በማስታወስ ከቀድሞው በግልጽ የተሻሉ ሆነው አግኝቷል። ዛሬ ያ መሣሪያ በየሰው ስልክ ውስጥ አለ። ድምፁን የእርስዎ ያድርጉት፤ «እማዬ፣ የጠዋቱን መድኃኒት ውሰጂ» የሚል የልጅ ድምፅ ከባዕድ ደወል ይልቅ ይሰማል።

ደብተሩ ሌላው የማካካሻ መንገድ ነው፤ ግን ደብተር መስጠት ብቻውን ሕክምና አይደለም። በ1989 ሶልበርግና ማቲር እንዳስቀመጡት የደብተር ሥልጠና ሦስት ደረጃ አለው፤ በመጀመሪያ ደብተሩ ውስጥ ምን የት እንዳለ ማወቅ፣ ቀጥሎ መቼ እንደሚጻፍና እንደሚነበብ በልምምድ መያዝ፣ በመጨረሻም በእውነተኛው ኑሮ ውስጥ መጠቀም። አብዛኛው ደብተር መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው ስለሚዘለል ነው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ አብረዋቸው ይክፈቱት። በአማርኛ ይጻፍ፤ ዘመኑም ሰዓቱም እናትዎ በሚቆጥሩበት ይሁን።

የግራ ጎንን መዘንጋት በእኛ ማእድ ላይ በቀላሉ ይደበቃል። በአንድ ትሪ አብሮ ሲበላ የግራ ጎናቸውን የጎረቤቱ እጅ ይነካዋል፣ ጉርሻም ይሰጣቸዋል፣ ወጡም ወደ ፊታቸው ይገፋላቸዋል፤ ማንም ምንም አያስተውልም። ለጥቂት ቀናት ለብቻቸው በሰሐን ያቅርቡላቸውና በግራ በኩል የሚቀር እንዳለ ይመልከቱ። ካለ ለቴራፒስቷ ይንገሩ፤ ዓይንን ሆን ብሎ ወደ ግራ ጫፍ ወስዶ ከዚያ የመጀመር ልምምድ ከቀኝ አንጎል ስትሮክ በኋላ ጥሩ ድጋፍ ካላቸው ሥልጠናዎች አንዱ ነው። ጽሑፋችን ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ስለሆነ ሲያነቡ የመስመሩ መጀመሪያ ይጠፋቸዋል፤ በገጹ ግራ ጠርዝ ላይ ደማቅ ቀይ መስመር ተደርጎ «ቀዩን ሳላይ አልጀምርም» የሚል ልማድ ከዳዊታቸው ጋር ቢያዝ ልምምዱ በየቀኑ በራሱ ይሠራል።

የአእምሮ ችሎታን ስለሚለኩት ምርመራዎች አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ በውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ላይ በደል የሚሠራው እዚህ ላይ ነውና። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የሞንትሪያል የአእምሮ ችሎታ ምርመራ (MoCA) ከ30 ነጥብ የሚታረም ሲሆን፣ ከ26 በታች ያገኘ ሰው ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል ይባላል፤ ትምህርታቸው 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆነ የሚጨመረው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው ሲባሉ በእኛ አቆጣጠር የመለሱ እናት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀሩ፣ ቀኑን በእኛ ወር የተናገሩም የተሳሳቱ ተብለው ይታረማሉ። ጠዋት «ሁለት ሰዓት ነው» ያለ ሰው ሰዓት የማያውቅ ሊባል ይችላል። በልጅነታቸው እርሳስ ይዘው ያልቆዩ እናቶች ኪዩብ እንዲስሉ ይጠየቃሉ። በሲድኒ በ2004 የተዘጋጀው ሩዳስ የተባለው አጭር ምርመራ ለተለያየ ባህልና ቋንቋ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ እርሱን ይጠቀሙ እንደሆነ ይጠይቁ። አስተርጓሚም ይጠይቁ፤ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበሉ የአሜሪካ የሕክምና ተቋማት ቋንቋውን ለማይችል ታካሚ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታቸው ነው። በምርመራ ጊዜ እርስዎ አያስተርጉሙ፤ ልጅ ሳያውቀው መልሱን አሳምሮ ያቀርባል። እናትዎ ቡና ሲያፈሉ የሚታየው ውጤት ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ እውነተኛ ማንነታቸውን ያሳያል ብዬ የማምነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከቤተሰብ የሚመጣ አንድ እንቅፋት አለ፤ ምንጩም ፍቅር ነው። ታማ የተነሣች እናት ወደ ጓዳ ስትሄድ «እርስዎ አይነሡ፣ እኛ እያለን» ይባላል። ለሥራ የተነሣ እጅ በተመለሰ ቁጥር አንድ የልምምድ ዕድል ይጠፋል። ቴራፒስቷ በሳምንት አንድ ሰዓት ነው የሚያዩአቸው፤ የቀረው የእናንተ ነው። ለእህቶችዎና ለሚጠይቋቸው ሰዎች «ቡናውን እሳቸው ነው የሚያፈሉት፣ እኛ አጠገባቸው እንቀመጣለን» ብለው አስቀድመው ይንገሩ። ሲያቆሙ ቶሎ ቃል አይስጡ፤ ትንሽ ይጠብቁ፣ ካልቀጠሉ «ቀጥሎ ምንድን ነው?» ይበሉ፣ አሁንም ካልሆነ በእጅዎ ወደ ዕቃው ያመልክቱ፣ በመጨረሻ ብቻ ይንገሩ። በዚህ ቅደም ተከተል መርዳትን አገር ቤት ያለ፣ ቴራፒስት በቅርብ የማያገኝ ቤተሰብም ሊሠራበት ይችላል፤ የኦኩፔሽናል ቴራፒ የዲግሪ ትምህርት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በቅርብ ዓመታት ስለሆነ ባለሙያዎቹ ገና ጥቂት ናቸው።

ሰውነታቸውንም አይርሱ። ከስትሮክ በኋላ ከሦስት ሰዎች አንዱ ገደማ የመንፈስ ጭንቀት ይይዘዋል፤ ትኩረትን ይበትናል፣ መርሳትን ያብሳል፣ ሕክምናም አለው። እንቅልፍ፣ መነጽር፣ የጆሮ መስማት፣ የሚያደነዝዙ መድኃኒቶች በሐኪም ይታዩ። መኪና ይነዱ ከነበረ ግራ ጎናቸውን እስኪያዩ ድረስና በባለሙያ እስኪመረመሩ ድረስ ቁልፉ እርስዎ ጋር ይቆይ። ለምድጃው ሰው ሲርቅ ራሱን የሚያጠፋ መሣሪያ ይግጠሙ፤ ልምምዱ እስኪይዝ ቤቱን መጠበቅ ያለበት መሣሪያው ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ቴራፒስቷን እነዚህን ቢጠይቋቸው መልካም ነው፦ እናቴ የሚያስቸግራት በዋናነት ማስታወስ ነው፣ ትኩረት ነው፣ ማቀድ ነው ወይስ የግራ ጎን? አሁን የያዘችው ዘዴ በአንድ ዓረፍተ ነገር ምን ይባላል፣ እኛስ በየትኞቹ ቃላት እንደግመው? ከቡናው ቀጥሎ የምትሸጋገርበት ሥራ ምንድን ነው? ቤት መጥተው ሊያዩአት ይችላሉ ወይ፣ ካልቻሉ ጓዳችንን በቪዲዮ ብንልክላቸውስ? አንድ ነገር ግን ቀጠሮ የሚጠብቅ አይደለም፤ ግራ መጋባታቸው በድንገት ከባሰ፣ ፊታቸው ከተጣመመ፣ እጃቸው ከዛለ ወይም ንግግራቸው ከተሳሰረ ወዲያውኑ 911 ይደውሉ፣ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓትም ጽፈው ይያዙ።